አራተኛው ቀሪ ማን ነበር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤዎችን ይዘናል። ሦስቱም የመጡት ጎንደር ውስጥ ከሚሠሩ አክሲዮን ማኅበራት የቦርድ አባላትና ጸሐፊ ነው። ላኪዎቹ የራሳቸውም ሆነ የማኅበራቸው ስም እንዳይወጣ ስለ ጠየቁን ጠብቀንላቸዋል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ነገር ያዘለ በመሆኑ መልሱም ከሌሎቹ ይረዝማል።

«የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ከአዘዞ ወጣ ብሎ የስንዴ ዱቄት ፋብሪካ ያለው የአንድ አክሲዮን ማኅበር የቦርድ አባል ነኝ። ሙያዬ ፋርማሲስትነት ነው፤ ቦርዱ ውስጥ የገባሁት ከሁለት ዓመት በፊት በጠቅላላ ጉባኤ ተመርጬ ነው። ቦርዳችን ሰባት አባላት አሉት። ምክትል ሰብሳቢያችን ሁለት የጭነት መኪና ያላቸው ሲሆን፣ እነዚህ መኪኖች ዱቄታችንን ወደ ደባርቅና ወደ መተማ መስመር በኪራይ ያመላልሳሉ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ በቦርድ ተነሥቶ ግን አያውቅም። ባለፈው ዓመት ሥራ አስኪያጁ ማኅበሩ የራሱን መኪና ቢገዛ ይሻላል ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ ምክትሉ ተቃወሙ። ሰብሳቢው ደግሞ በሥራ አስኪያጁና በሒሳብ ኃላፊዋ ፊት ‹የሚሟገቱት ለኪስዎ ነው› አሏቸው።

ከዚያ ወዲህ ቦርዱ ለሁለት ተከፈለ። ምክትሉና ሁለት አባላት ከስብሰባ በፊት ፒያሳ ቡና ላይ ተገናኝተው ጨርሰው ይመጣሉ፤ ሰብሳቢውና ሁለቱ ደግሞ በስልክ ይጨርሳሉ። ሥራ አስኪያጁ በአንድ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ትእዛዝ ይደርሰዋል። ሁለት ተከታታይ ስብሰባዎች ምክትሉና ሁለቱ አባላት ባለመምጣታቸው በምልዓተ ጉባኤ ጉድለት ተበትነዋል። እኔ ከማንም ወገን አይደለሁም። ሰብሳቢው በዕድሜ ታላቄ ናቸው፤ ምክትሉ ልጄን ክርስትና ያነሡልኝ አበልጄ ናቸው። ነገሩን በሽማግሌ እንጨርሰው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ቦርዱን ለመልቀቅ እያሰብኩ ነው። ምን ይመክሩኛል?

ስሜ ይቆይልኝ፣ ጎንደር»

ውድ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ካነበብሁ በኋላ አንድ ነገር ከነከነኝና ወረቀት አውጥቼ ደመርሁት። ቦርዳችሁ ሰባት ሰው ነው። ምክትሉና ሁለቱ ቢቀሩ አራት ይተርፋል፤ አራት ደግሞ የሰባትን ግማሽ ያልፋል። መመሥረቻ ጽሑፋችሁ ከፍ ያለ ቁጥር ካልጠየቀ በቀር፣ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ የሆኑት ሲገኙ ስብሰባው ይካሄዳል። ስለዚህ ስብሰባው ሁለት ጊዜ እንዲበተን አራተኛ ቀሪ ያስፈልግ ነበር። ሰብሳቢውና ሁለቱ ወዳጆቻቸው መጥተው ከሆነ፣ አራተኛው ቀሪ እርስዎ ነዎት። ጠቡን ላለማየት ብለው እንደ ቀሩ ይገባኛል፤ በአበልጅና በታላቅ መካከል መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብድ በዚህ ከተማ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሆኖም ከማንም ወገን አይደለሁም ቢሉም መቅረትዎ ለአንደኛው ወገን ሠርቷል። ሦስቱ ብቻቸውን ስብሰባውን መበተን አይችሉም ነበር፤ የእርስዎ ወንበር ባዶ ሲሆን ግን ቻሉ።

ስለ መልቀቅ የጠየቁኝንም ከዚሁ ድምር ጋር ላያይዘው። እርስዎ ቢለቁ ቦርዱ ውስጥ ስድስት ሰው ይቀራል፤ ሦስት ወዲያ ሦስት ወዲህ። ከስድስቱም ቢቆጠር ከሰባቱ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው አራት ነው። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ምክትሉ ባኮረፉ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሰብሳቢውም ባኮረፉ ጊዜ ስብሰባው ይበተናል ማለት ነው። ዛሬ በአንድ ወገን እጅ ያለው ማኅበሩን የማሰር አቅም ነገ በሁለቱም እጅ ይገባል። ባለአክሲዮኖቹ የመረጡዎት በሁለት ትልልቅ ሰዎች መካከል ምቾት እንዲሰማዎት አልነበረም፤ ገንዘባቸውን እንዲጠብቁላቸው ነው። ስለዚህ አሁን አይልቀቁ። ቢለቁ እንኳ እስከ ዛሬ በቦርዱ ውስጥ ለተደረገውና ላልተደረገው ነገር ያለብዎት ኃላፊነት አብሮዎት ይወጣል እንጂ በመልቀቂያ ደብዳቤ አይሰረዝም።

ይህ ኃላፊነት የሚሉት ነገር ከባድ መሆኑን ብዙ የቦርድ አባላት የሚያውቁት ዘግይተው ነው። በአገራችን ሕግ የቦርድ አባላት በሥራቸው ጥፋት በማኅበሩ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት በአንድነትና በተናጠል ተጠያቂ ናቸው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ከዚህ ተጠያቂነት ነፃ የሚወጣበትን መንገድ በግልጽ አስቀምጦት ነበር፤ ጥፋት የሌለበት አባል ልዩነቱን ሳይዘገይ በቃለ ጉባኤ መዝገብ ላይ ማስመዝገብና ግልባጩን ለኦዲተሮቹ መላክ ነበረበት። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም አባላት ለማኅበሩ ታማኝና ጥንቁቅ እንዲሆኑ አጥብቆ ይጠይቃል። ልብ ይበሉ፤ ዝም ማለት ከተጠያቂነት ያወጣል የሚል ነገር የለበትም። አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ብለዋል፤ በቤትና በጎረቤት ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። በቦርድ ጠረጴዛ ላይ ግን ዝምታ እንደ ከረመ ዱቄት ነው፤ ይነቅዛል።

አሁን ወደ ጠቡ ልግባ። በደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ጠብ ይመስላል እንጂ ሦስት ነገሮች ተቋጥረው አሉ፤ ሦስቱም የተለያየ ፈቺ ይፈልጋሉ። አንደኛው ማኅበሩ መኪና ይግዛ ወይስ ይከራይ የሚለው የሒሳብ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ምክትል ሰብሳቢው ከማኅበሩ ጋር የኪራይ ውል ይዘው በቦርዱ ውስጥ መቀመጣቸው፣ ማለትም የጥቅም ግጭት ነው። ሦስተኛው በሠራተኞች ፊት የተነገረው ቃል የፈጠረው ቁስል ነው። ቦርዳችሁን ያመሰው ሦስቱ መቀላቀላቸው ነው። ሰብሳቢው ሁለተኛውን ጥያቄ ማንሣት ሲገባቸው በሦስተኛው አነሡት፤ ምክትሉ በሦስተኛው ስለ ቆሰሉ አንደኛውን አናይም አሉ።

ከቁስሉ እጀምራለሁ፤ ካልሻረ ሌላውን ማንም አይሰማም። ለዚህ ነገር ሽማግሌ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ከሽማግሌ የተሻለ የለም። ሁለቱም የሚያከብሯቸው፣ በማኅበሩ ውስጥ አክሲዮን የሌላቸውና ከማኅበሩ ጋር የማይነግዱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይመረጡ። ሰብሳቢው ይቅርታ እንዲጠይቁ ይደረግ። ሆኖም ይቅርታው በሽማግሌዎቹ ፊት ብቻ ከቀረ ሙሉ አይሆንም። ቃሉ የተነገረው ሥራ አስኪያጁና ሒሳብ ኃላፊዋ እየሰሙ ስለሆነ፣ ሰብሳቢው እነዚያኑ ሁለት ሰዎች አስቀምጠው ‹ያን ቀን የተናገርሁት ቃል ተገቢ አልነበረም› ማለት አለባቸው። ለትልቅ ሰው ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ነገር ግን ሠራተኞች የቦርድ አለቆቻቸው ሲሰዳደቡ ካዩ በኋላ፣ ሲታረቁ ካላዩ፣ በሁለቱ መካከል እየመረጡ መታዘዝ ይጀምራሉ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ዓይነት ትእዛዝ የሚደርሰው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የሽማግሌዎቹ ሥራ ግን እዚህ ላይ ያበቃል፤ ይህን አጥብቄ የምናገረው ያየሁት ነገር ስላለ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ማኅበር ውስጥ የቦርድ ጸሐፊ ነበርሁ። ሁለት የቦርድ አባላት ሸቀጥ የሚቀመጥበት መጋዘን የማን ይከራይ በሚል ተጣሉ፤ አንደኛው የራሱ መጋዘን ነበረው፣ ሁለተኛው ደግሞ የወንድሙ። ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ። ሽማግሌዎቹ ቅን ሰዎች ነበሩ፤ እንደ ልማዳችንም ማንም እንዳይከፋው አድርገው ፈረዱ። ሁለቱም መጋዘኖች ይከራዩ ተባለ። ዕርቅ ወረደ፣ በግ ታረደ፣ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ገበታ ቆረሱ። ማኅበሩ ግን አንድ መጋዘን ለሚበቃው ሸቀጥ ለዓመታት የሁለት መጋዘን ኪራይ ከፈለ። ባለአክሲዮኖቹ ለምን እንደሆነ አልተነገራቸውም። ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ «ቦርዱ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ብዬ ጻፍሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሽማግሌ ሰውን ከሰው ያስታርቃል፤ በዚያ ገበታ ያልተቀመጠን ሰው ገንዘብ ግን ሊያካፍል አይችልም። የአክሲዮን ማኅበር ገንዘብ የሰብሳቢውም የምክትሉም አይደለም። ምናልባት ጥሪቷን አውጥታ አሥር አክሲዮን የገዛች አንዲት የጤፍ ነጋዴ፣ ምናልባት ከስደት ልኮ የገዛ አንድ ልጅ አለ፤ እነርሱ በዕርቁ ላይ አልነበሩም። ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የሚዳኙት ቃሉንና ኩርፊያውን ነው። የመኪናውን ነገር ከነኩ ቦርዱ አይቀበለውም ብላችሁ በአክብሮት አስታውቋቸው።

የጥቅም ግጭቱ ደግሞ ዕርቅ አይፈልግም፤ ሥርዓት ይፈልጋል። የቦርድ አባል ከማኅበሩ ጋር መዋዋሉ በራሱ ነውር አይደለም። በክልል ከተማ ውስጥ ነጋዴዎች አንድ ላይ ሆነው ባቋቋሙት ማኅበር፣ መኪና ያለው አባል መኪናውን ማከራየቱ፣ ሱቅ ያለው ምርቱን መሸጡ የሚጠበቅ ነው። ነውሩ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ አለመኖሩ ነው። በአሮጌውም ሕግ የቦርድ አባል ከማኅበሩ ጋር የሚያደርገው ውል በቦርዱ አስቀድሞ እንዲፈቀድና ኦዲተሮች እንዲያውቁት ይደረግ ነበር፤ መርሁ ዛሬም ያው ነው። ውሉ ይውጣ፤ ዋጋው፣ የተጀመረበት ቀንና የሚያበቃበት ጊዜ ይጻፍ። ምክትሉ ጥቅማቸውን በቃላቸው ያስታውቁ፤ ማብራሪያ ከተፈለገ ይስጡ፤ ከዚያም ውይይቱና ድምፅ አሰጣጡ እስኪያልቅ ከክፍሉ ይውጡ። ይህ ለእርሳቸው ቅጣት አይደለም። እንዲያውም ማንም ዳግመኛ ‹ለኪስዎ ነው› እንዳይላቸው የሚጠብቃቸው ይኸው ሥርዓት ነው። በመጀመሪያው ቀን ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ያ ክፉ ቃል ባልተነገረ ነበር።

እዚህ ላይ እርስዎንም አልምርዎትም። አበልጅነትም ዝምድና ነው። የመኪናው አጀንዳ ሲነሣ ከሁሉም አስቀድመው ‹ምክትል ሰብሳቢው ልጄን ክርስትና ያነሡ አበልጄ መሆናቸው ይታወቅልኝ› ብለው ያስመዝግቡ። ሕጉ ይህን ሊጠይቅም ላይጠይቅም ይችላል፤ ነገር ግን የሁለቱም ወገን ሰዎች ድምፅዎን በዝምድና እንዳይተረጉሙት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ የሚሰጡት ድምፅ ነፃ ይሆናል።

የመኪናው ጥያቄ ከስድቡና ከጥቅሙ ሲለይ ምን ያህል ቀላል እንደሚሆን ታያላችሁ። አንድ ኩንታል ዱቄት ደባርቅና መተማ ለማድረስ በኪራይ ስንት እንደሚከፈል ካለፈው ዓመት ደረሰኝ ይወጣል። የራስ መኪና ቢሆን ደግሞ ነዳጅ፣ ጎማ፣ ዘይት፣ የሾፌርና የረዳት ደመወዝና አበል፣ መድን፣ የቦሎ ወጪ፣ መኪናው ተበላሽቶ የሚቆምበት ቀን፣ የመግዣው ብድር ወለድ፣ በመጨረሻም ዓመት በዓመት የሚቀንሰው ዋጋው ይደመራል። የመልስ ጭነት ይገኛል ወይስ መኪናው ባዶውን ይመለሳል የሚለው ብቻውን ውጤቱን ሊገለብጠው ይችላል፤ ይህን ደግሞ ከእናንተ ውስጥ ከምክትሉ የተሻለ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። እነሆ፣ ድምፅ ባይሰጡበትም እውቀታቸው ያስፈልጋል። መከራየቱ የሚያዋጣ ሆኖ ከተገኘም ከሦስት ባለመኪናዎች ፕሮፎርማ ይሰብሰብ፤ የእርሳቸው ዋጋ ካሸነፈ በክብር ያሸንፍ። ወረቀቱን ሥራ አስኪያጁና ሒሳብ ኃላፊዋ አዘጋጅተው ከስብሰባው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ ለሰባታችሁም ይድረስ። በብዙ ቦርዶች ያየሁት ጩኸት የሚነሣው አባላት ጉዳዩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት እዚያው ወንበር ላይ ሲሆን ነው፤ ያላነበበ ሰው ሐሳቡን ሳይሆን ሰውየውን ይመዝናል።

ስለ ቡናውና ስለ ስልኩ አጭር ቃል ልጨምር። የቦርድ አባላት ከስብሰባ ውጭ መነጋገራቸውን ማንም ሊከለክል አይችልም፤ ቡና አብሮ መጠጣትም ጠብ አይደለም። ነገር ግን ቦርድ የሚኖረው ተጠርቶ፣ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቶ፣ ጸሐፊ ይዞ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ፒያሳ የተነጋገሩት ሦስት ሰዎች ሦስት ሰዎች ናቸው፤ በስልክ የጨረሱትም እንዲሁ። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ውሳኔ ብቻ ቢያልፍ ይህ ይለፍ፦ ሥራ አስኪያጁ የቃለ ጉባኤ ቁጥርና ቀን የሌለውን የቦርድ ትእዛዝ እንዳይፈጽም፣ የሚጻፍለትም በሰብሳቢው ፊርማ ብቻ እንዲሆን። ይህ ሰውየውን ከሁለት ጌታ ያድነዋል። ሰብሳቢውም በአወዛጋቢ ጉዳይ ላይ የራሳቸውን ሐሳብ መጨረሻ ላይ ቢናገሩ መልካም ነው፤ በእኛ ባህል ታላቅ ከተናገረ በኋላ የሚናገር ታናሽ ብዙ አይገኝም፤ ታላቁ ሳይፈልጉትም ውይይቱን ዘግተውታል።

ማን ይጀምር ለሚለው፣ እርስዎ ይጀምሩ። ወደ አበልጅዎ ቤት ይሂዱ፤ ስልክ አይደውሉ። ለአበልጅ የሚነገር ነገር ፊት ለፊት ይነገራል። እኔ ብሆን እንዲህ እላቸዋለሁ፦ ‹አበልጄ፣ ያን ቀን በሰው ፊት የተነገረዎት ቃል እኔንም አሞኛል፤ ያን ጊዜ ዝም ማለቴ ደግሞ የእኔ ጥፋት ነው። በሁለቱ ስብሰባዎች ቀርቼ ለጠቡ አግዣለሁ፤ ከእንግዲህ አልቀርም። የመኪናዎን ነገር በሰነድ እናውጣውና ማንም በእርስዎ ላይ የሚናገረው ነገር አይኑረው።› ለሰብሳቢውም ይህንኑ፣ አንድ ቃል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ይንገሯቸው። ሁለቱ ሲገናኙ የነገሯቸውን ያስተያዩታልና።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሆነ መንገዱ አልተዘጋም። ቦርዱን የመረጠው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ የመረጠውን ሊያነሣም ይችላል። ኦዲተሮችም ስለ ኪራዩ ውል በሪፖርታቸው እንዲያስረዱ መጠየቅ ይቻላል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የእርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237 ደግሞ ገለልተኛ አስታራቂ ወይም የግልግል ዳኛ ለምትፈልጉበት ጊዜ ሥርዓቱን አስቀምጦላችኋል። ፍርድ ቤትም አለ። እነዚህን በዚህ ቅደም ተከተል ያስቀመጥኋቸው ወጪውም ቁርሾውም እየጨመረ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ነው።

«ለዓምዱ አዘጋጅ፣

ማራኪ አካባቢ ጽሕፈት ቤት ያለው አንድ ማኅበር የቦርድ ጸሐፊ ነኝ። ዕድሜዬ ሃያ ሰባት ነው፤ አባላቱ ሁሉም አባቶቼ የሚሆኑ ናቸው። አንድ አባል ውሳኔ ሲቃወሙ ሰብሳቢው ‹ይህን አትጻፊው፤ ቤት ውስጥ የተባለ ነገር ነው› ይሉኛል። ተቃዋሚው አባል ደግሞ ኋላ ላይ ‹ተቃውሜ ነበር፣ የታለ?› ይሉኛል። ከስብሰባው በኋላም አባላቱ በቴሌግራም ቡድናችን ላይ ሌሊቱን ይከራከራሉ፤ እሱንስ ልጻፈው?

እኅታችሁ፣ ጎንደር»

እኅቴ፣ ጥያቄሽ የሥራውን ልብ ነክቶታል። የሰውየውን ቁጣ አትጻፊ፤ ልዩነቱን ግን ጻፊ። «አቶ እገሌ ጠረጴዛ መትተው ተናገሩ» የሚለው ለማንም አይጠቅምም። «አንድ አባል ብድሩ የማኅበሩን የመክፈል አቅም ያልፋል በሚል ምክንያት ተቃውመዋል፤ ልዩነታቸው እንዲመዘገብ ጠይቀዋል» የሚለው ግን ያ አባል ነገ በሕግ ፊት ራሳቸውን የሚከላከሉበት ነው። ሰብሳቢው ‹አትጻፊው› ሲሉሽ የቤቱን ክብር እየጠበቁ ይመስላቸዋል፤ ሐሳባቸው ክፉ ነው ብዬ አላምንም። ቢሆንም የሚያስፍቁሽ የሌላውን ሰው መብት ነው።

ከታላላቅ ሰዎች ጋር መጋጨት እንደሚከብድሽ ስለማውቅ፣ ፊት ለፊት እንቢ ሳትዪ የምትወጪበትን መንገድ ልንገርሽ። እያንዳንዱ አጀንዳ ሲያልቅ፣ ወደ ሚቀጥለው ከመግባታቸው በፊት፣ ‹የጻፍሁትን ላንብብላችሁ› በዪና አንብቢ። ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ የተወሰነው፣ ምክንያቱ፣ የተለየው አባልና የተለየበት ምክንያት። የሚቃወም ካለ እዚያው፣ ሁሉም እየሰማ ይናገር። ያኔ ‹ሰርዢው› የሚል ሰው የሚናገረው ለአንቺ ብቻ ሳይሆን ለተቃዋሚውም ይሆናል፤ ክርክሩም በሁለቱ መካከል ይሆናል እንጂ በአንቺ ጫንቃ ላይ አይወድቅም። ይህን ልማድ ካስለመድሻቸው በሦስተኛው ስብሰባ ሳትጠይቂ ራሳቸው ‹አንብቢልን› ይሉሻል። ከመበተናቸው በፊትም አስፈርሚያቸው። ቃለ ጉባኤ ከሳምንት በኋላ በየቤቱ እየዞረ ሲፈረም እያንዳንዱ ፈራሚ አንድ ቃል ያስለውጣል፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ማንም ያልተናገረው ነገር ነው።

ቴሌግራሙን አትጻፊው፤ ስብሰባ አይደለም። ሌሊት በስልክ የተጻፈ ቃል ፊት የለውም፤ ‹እሺ› የሚለው ቃል እንኳ መስማማት ይሁን ማኩረፍ አይለይም። ቡድኑ የስብሰባ ጥሪ፣ ሰነድና የቀን ለውጥ ብቻ እንዲተላለፍበት ለሰብሳቢው ሐሳብ አቅርቢ። ክርክር የጀመረ አባል ካለ ‹ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አድርጌ ልያዝልዎ?› ብለሽ በአክብሮት መልሺ። በእኔ ልምድ ግማሾቹ ‹ተይው› ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ጉዳዩን በወግ ያመጡታል።

«እኔ ዋሽንግተን የምኖር የአንድ ጎንደር ያለ ማኅበር የቦርድ አባል ነኝ። በስብሰባ የምገኘው በኢንተርኔት ነው። ሁለት ጊዜ ሰዓት ተሳስቼ ቀርቻለሁ፤ ስገባም የሚነጋገሩት ሩቅ ሆኖ አይሰማኝም። ‹ሆን ብሎ ነው› እየተባለ ነው።»

ለእርስዎ የምለው አጭር ነው። ጎንደር «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ሲባል በእርስዎ ከተማ በፈረንጅ ሰዓት፣ በአሜሪካ በጋ ከሌሊቱ 2፡00፣ በአሜሪካ ክረምት ደግሞ ከሌሊቱ 1፡00 ነው፤ እዚያ ሰዓት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚዞር ልዩነቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀያየራል። እንግዲህ ስህተት ለመሥራት የኢትዮጵያ ሰዓት፣ የፈረንጅ ሰዓትና የወቅቱ ለውጥ ሦስቱ ተባብረውብዎታል። ጸሐፊው በጥሪው ላይ የሁለቱንም ከተማ ሰዓትና ቀን ጎን ለጎን እንዲጽፍ ይጠይቁ፤ ስብሰባውም በጎንደር ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ላይ ቢሆን እርስዎ በማለዳ ነቅተው፣ እነርሱም ሳይመሽባቸው ትገናኛላችሁ።

አለመስማትዎን ግን በዝምታ አይለፉት። ያልሰሙትን ውሳኔ ‹እስማማለሁ› አይበሉ፤ ‹አልሰማሁም፣ ይደገምልኝ› ብለው ያስመዝግቡ። ጠረጴዛው መካከል የሚቀመጥ ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ ያለው አንድ ስልክ ይበቃል፤ የሚናገረውም ስሙን እየጠራ ይናገር። ከሁሉም በላይ ግን ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚመጡ ከሆነ፣ ከበዓሉ ማግሥት ባሉት ቀናት አንድ መደበኛ ስብሰባ እንዲያዝ ከወዲሁ ይጻፉላቸው። ዓመቱን ሙሉ በስልክ ‹ሆን ብሎ ነው› ያሉት ሰዎች አንድ ቀን ጎንዎ ሲቀመጡ፣ ድምፁ ይቆራረጥ የነበረው እውነት መሆኑን ሳይነገራቸው ያውቁታል።